ማታ ተጭኖ ስለሄደው ደረጃ

ለተከበሩ የሥራ ተቋራጭ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ደረጃ የሚወጡባቸውን እግሮችዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። እኔ የምወጣው ደረጃ ስለሌለኝ እግሬ ሳይደክም በደህና አለሁ።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ለድፍረት አይደለም። ቢሮዎ ስደውል የሚያነጋግረኝ ሙዚቃ ብቻ ስለሆነ፣ ሙዚቃውም ለጆሮ ደስ ቢልም መልስ ስለማይሰጥ ነው። እንደሚያስታውሱት፣ ሠራተኞችዎ ቤቴን ሠርተው፣ ላይኛውን ፎቅ ቀለም ቀብተው፣ ወደዚያ የሚያስወጣውን ደረጃ ግን «በሚቀጥለው ሳምንት» ብለውኝ ሄዱ። ያ ሳምንት ይኸው ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል። ታች ያለው አንድ ክፍል ለእኔ ይበቃኛል፤ ላዩን ያሠራሁት ትዳሯ ፈርሶ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ለምትንከራተት ልጄና ለልጅ ልጄ ነበር። «አባዬ፣ መቼ እንምጣ?» ባለችኝ ቁጥር «ደረጃው እስኪያልቅ ታገሺኝ» እላታለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት የእኔ ፎቅ ነው።

አንደኛው አቤቱታዬ፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬ ማለቴ ነው፣ የማስታወቂያ ክፍልዎን ይመለከታል። አንድ ቀን ጠዋት የጭነት መኪና በሬ ላይ ቆመ፤ ሳይ ደረጃ ጭኗል። እሰይ! ብዬ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ጡረተኛው ሾፌር ጎረቤቴም መጥቶ በአንድ በኩል እሱ፣ በአንድ በኩል እኔ ተሸክመን አስገባነው። «ደረጃ እንዲህ ይቀላል እንዴ?» ቢለኝ፣ «ዝም በል፣ ዘመናዊ ነው» አልኩት። ለካ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ኖሯል፤ ለፎቶ ብቻ የመጣ።

ሁለተኛ፣ ከደረጃው ጋር ቤተሰብም ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ባል፣ ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አንድ አያት ከመኪናው ወረዱ። እኔም ፀጉሬን አበጥሬ ብጠጋ፣ የማስታወቂያው ኃላፊ በትሕትና «አያት ይዘን መጥተናል፤ እርስዎ ይህን ይያዙልን» ብሎ ብርሃን የሚመልስ ነጭ ሰሌዳ አስጨበጠኝ። አያትዬው ኮት ስላልነበረው የእኔን አለበሱት። አማረበት፤ ሐቁን መደበቅ አይገባም።

ደግሞ ልንገርዎ፣ ደስ የሚል ቀን ነበር። ትንሿ ልጅ «አባባ» ብላ የጫማዋን ክር አሳሰረችኝ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ከአንድ ብርጭቆ በላይ አጥቤ የማላውቅ ሰውዬ የዚያን ዕለት ስድስት አጠብኩ። ማታ ደረጃውንም፣ ባልና ሚስቱንም፣ ልጆቹንም፣ አያቱንም ጭነው ሄዱ። ብርጭቆዎቹን ወደ ቦታቸው ስመልስ ቤቱ ከወትሮው ይልቅ ጭር ብሎ አገኘሁት።

ሦስተኛ፣ አደባባዩ ላይ የሰቀሉት ትልቁ ሰሌዳ ነው። ቤቴ፣ ደረጃው፣ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ልጆች፣ ከጎናቸው ኮቴን የለበሰው አያት፣ ከሥሩም «ቤት ብቻ ሳይሆን ቤተሰብ እንገነባለን» የሚል ጽሑፍ። ድንቄም! ያ ኃላፊዎ ፎቶ ሲያስነሣ «ማስታወቂያ የሥራው ግማሽ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። ደንበኛም ቢሮዎን አጨናንቆታል አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎ። ግማሹን እንዴት እንዳሳመሩት ይኸው አገር ያየዋል፤ የቀረው ግማሽ የእኔ ደረጃ ነው።

ልጄም አይታዋለች። ደውላ፣ «አባዬ፣ ደረጃው አልቋል፤ ሰውም ገብቶበታል። እንዳልመጣ ከፈለግህ በደህናው ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። የውሸት ነው፣ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ሰዎቹን አላውቃቸውም ብዬ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። «ኮትህን አውቄዋለሁ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም። የእሷ ስልክ እንደ እርስዎ ሙዚቃ እንኳ የለውም፤ ዝም ብሎ ይጠራል።

ስለዚህ ደረጃውን ይሥሩልኝ ብዬ ክቡርነትዎን አላስቸግርም። የምለምንዎ ለልጄ እንዲደውሉላት ብቻ ነው። እኔን አላመነችኝም፤ እርስዎን ግን ታምናለች፣ ማስታወቂያዎን አምናለችና።

ከታችኛው ክፍል ሆኜ ወደ ላይ እያንጋጠጥኩ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
የማስታወቂያዎ ቤት ባለቤት፣ የነጭ ሰሌዳው ያዥ

ይህንንም ልጨምር፦ ኮቴ ከአያቱ ጋር እንደሄደ አልተመለሰም። ይልበሰው፤ በጤና ይጨርሰው። ብቻ ልጄ መንገድ ላይ ከኋላው አይታ «አባዬ!» ብላ ከጠራችው፣ እባክዎ ዝም ብሎ እንዳያልፋት ይንገሩልኝ። ዞር ብሎ፣ አባቷ ላይኛውን ፎቅ ዛሬም በመሰላል እየወጣ እንደሚጠርግላት ይንገራት።