የሙዝ ቅጠሉን ወዴት እንዳጠፍኩት

ኡኒዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ያው ስካርቦሮ፣ ያው ፎቅ ቤታችን ነን፤ ሊፍቱም እንደተበላሸ ነው። ልጅህ ሚራ ግን አድጋ ጫማዬን መዋስ ጀምራለች።

ዛሬ ኦናም ነበር፣ የአገርህ የኬረላ የመከር በዓል። አምና ሐዘን ላይ ስለነበርን በደንባችሁ መሠረት አላከበርነውም። እውነቱን ልንገርህ፣ ዘንድሮም ልተወው ነበር፤ ያለ አንተ ማክበር አንተን መርሳት መሰለኝ። እናትህ ናቸው ከኬረላ ደውለው ያስቆሙኝ። ንጉሡ በዓመት አንድ ቀን ሊጠይቃችሁ ሲመጣ በራችሁን ባዶ እንዳያገኘው አሉኝ።

የዚያን ደግ ንጉሥ ታሪክ ስንቴ ነግረኸኛል! በእሱ ዘመን ሰው ሁሉ እኩል ነበር፤ አማልክቱ ቀንተው ወደ ምድር ታች ሲያወርዱትም የለመነው ሕዝቡን በዓመት አንዴ ማየት ብቻ ነው። ድሮ ተረት ነው ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን ምንኛ ታድሏል እላለሁ።

ስለዚህ ከሚራ ጋር ዐሥር ቀን ሙሉ በራችን ፊት ወለሉ ላይ አበባ በክብ ደረደርን፣ በየቀኑ አንድ አንድ ዙር እየጨመርን። አንተ የሥራ ልብስህን እንደለበስክ ተንበርክከህ ነበር የምትደረድረው። የሕንፃው ኃላፊ ኮሪደሩን አቆሸሻችሁ ብሎ ሲቆጣ፣ ያን በወተት የምትሠራውን ጣፋጭ፣ ፓያሳሙን፣ በሳህን ሰጠኸው፤ በዓመቱ መቼ ነው ብሎ የጠየቀን እሱ ራሱ ነው። እንዳንተ ሰው ማሸነፍ የሚችል አላየሁም።

ምግቡንስ! ሃያ ዓይነት በዚያች ጠባብ ኩሽና። በዓል ነው ወይስ ጾም፣ ሥጋው የታለ እያልኩ ስቀልድብህ፣ ስቀህ እንደ ሳህን በዘረጋህልኝ የሙዝ ቅጠል ላይ አንድ ማንኪያ ትጨምርልኝ ነበር። እንግዳው ሁሉ ሳይጠግብ አትቀመጥም ነበር።

የመጀመሪያው ኦናማችን ትዝ ይልሃል? እናትህ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። በልቼ ስጨርስ፣ ፍርፋሪው እንዳይታይ ብዬ ቅጠሌን ወደ ውጭ አጠፍኩት። እናትህ አፋቸውን ያዙ። አንተ ቀስ ብለህ እጅህን ዘረጋህና ወደ እኔ መልሰህ አጠፍክልኝ። ወደ ራስ ሲታጠፍ ጠግቤአለሁ፣ ተመልሼ እመጣለሁ ማለት ነው፤ ወደ ውጭ ግን ለሐዘን ቤት ነው አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «አልቃሿ» ሆኖ ቀረ።

አንተን ቀብረን ስንበላ ቅጠሌን ወደ ውጭ አጠፍኩ። የዚያን ቀን ማንም አላረመኝም።

ዛሬ የሠራነው ሰባት ዓይነት ብቻ ነው፤ ሩዙም ተልፈስፍሷል። ቢሆንም በላን። ሚራ ስትጨርስ እጇን ቅጠሉ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«ማሚ፣ ዳዲ ወዴት ነበር የሚያጥፈው?»

አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። ከዚያ የቅጠሌን ጫፍ ይዤ ወደ ራሴ አጠፍኩት። ሚራም እኔን አይታ እንደዚያው አደረገች።

አልረሳህም፣ ኡኒዬ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ በራችን ላይ አበባ ይኖራል፤ ቅጠላችንም ወደ እኛ ይታጠፋል።

ያንተዋ አልቃሿ