ፋብሪካ አይሰደድም

ለእህቴ ልጅ ለሚክያስ፣ ጆሃንስበርግ፤

የጌታ ሰላም አንተንም ሱቅህንም ይጠብቅ። እኛ ሆመቾ ደህና ነን፤ እኔም እንደ ልማዴ በሰው እያሾፍኩ አለሁ።

እህትህ ሐዳሳ ከሐዋሳ ተመልሳለች። የምትሰፋበት የልብስ ፋብሪካ ባለቤቶች ጉልበት የሚረክስበት፣ ቀረጥም የማይጠየቁበት አገር አግኝተው ማሽናቸውን ነቅለው ሄዱ። አንተን ልትከተል ስትነሳ «ሰው እንጂ ፋብሪካ አይሰደድም» ብዬ እዚያ ያስገባኋት እኔ ነበርኩ። እንደመጣች «አጎቴ፣ ፋብሪካው ተሰደደ» ብላ ሳቀች። ቀልድ አዋቂው እኔ ሻንጣዋን ተቀብዬ ወደ ቤት አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ምክሬን አትጠይቅም።

ትናንት ሆሳዕና ሄዳ ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ተነሳች፤ አንዱን ለማስታወሻ ሰጠችኝ። ስትደውልልህ የሄድክበትን መንገድ መከራ ምንም ሳትቀንስ ንገራት። እኔን አታምነኝም።

ከነሀፍረቱ ጉንጭህን የሚስም አጎትህ፣
ዋለ