የአባትሽ ድንኳን

ሚዛን ተፈሪ
ኅዳር 4 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔዋን፣ ጁባ

ልጄ፣ የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። አባትሽ ያረፈ ዕለት መንገድ ተዘግቶብሽ፣ በስልክ «እድር የለን፣ ማን ሊቀብርልን ነው?» እያልሽ ስታለቅሺ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አልገባ አለኝ። ፋና ለንግድ ወደዚያ ልትመጣ ስለሆነ ሁሉንም ጽፌ በእጇ ልኬልሻለሁ።

ፍርሃትሽ እውነት ነበር። አባትሽ እሑድ እሑድ የሚመራቸውን ስካውቶች ይዞ ጫካ ሲወርድ፣ ምንጭ ሲያስጠርግ፣ ከእድሩ ስብሰባ እየቀረ ስሙ መሰረዙን ታውቂያለሽ። አሥራ አምስት ዓመት ያለ ደመወዝ! «የሰው ልጆች አባት» እያልሽ ታኮርፊው ነበር፤ እኔም አብሬሽ አኮርፍ ነበር።

ማታ አስከሬኑ ቤት እንደገባ ጎረቤታችን እማዋይሽ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ኃይለሚካኤል ሮጠች። መጡ፤ ከልባቸው አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው፣

«እኔ በግሌ አለሁ። የእድሩን ድንኳን ግን ያለ ጉባኤ አላወጣም፤ ጡሩምባም አይነፋም። ደንብ ነው፣ ጽጌ» አሉኝ።

«እንግዲያው እርስዎንም ደንቡ ይቅበርዎት!» አለቻቸው እማዋይሽ።

ዝናቡ ደግሞ አላባራ ብሏል። ጡሩምባ ካልተነፋ ማን ይሰማል? የመጣውንስ የት አስቀምጣለሁ? ከአራት ጎረቤት ጋር ተደብቄ የምቀብረው መሰለኝ።

ሊነጋጋ ሲል ዝናቡ ጋብ አለና ፊሽካ ሰማሁ። መጀመሪያ ከአማን ሰፈር በኩል፣ ቀጥሎ ከገበያው፣ ኋላ ከደጃችን። ስካውቶቹ ናቸው፤ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ «ጋሼ ፈንታው አረፉ፣ ቀብር ዛሬ ነው» ይላሉ። ፀሐይ ሳትወጣ ግቢው ሞላ። ሰይፈዲንን ታስታውሺዋለሽ? ያ አባትሽን ሲያስመርር የኖረው ረባሽ! አሁን ቴፒ ውስጥ ቡና ነጋዴ ሆኗል። ሌሊት በስልክ ሰምቶ፣ ቡና የሚያሰጣበትን ሸራ በሙሉ በአይሱዙ ጭኖ መጣ።

«እትዬ ጽጌ፣ እርስዎ ይቀመጡ። የዛሬው ሥራ የእኛ ነው» አለኝ።

ቀርከሃ ተከሉ፣ በገመድ ብቻ እያሰሩ ድንኳኑን አቆሙት። አንድ ሚስማር አልተመታም። ነርሷም፣ አስተማሪውም፣ ባጃጅ ነጂውም የልጅነት የስካውት ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ አስረዋል። ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ከማጂ ድረስ የመጣም ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ያ የምታውቂው የሚዛን ዝናብ ወረደ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው። አቶ ኃይለሚካኤል መሃል ላይ ቆመው፣ አንጋጠው ሸራውን ይመረምራሉ።

«ምን ጠፋብዎት ጋሼ?» አላቸው ሰይፈዲን።

«የሚያፈስበትን እየፈለግሁ ነው።»

«ካገኙ ይንገሩን፤ ሁሉንም ፈትተን እንደገና እናስራለን። ጋሼ ፈንታው የሚቀጡን እንደዚያ ነበር።»

ለቅሶ ቤት ውስጥ መሳቅ ነውር ነው፤ ግን ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ልጄ።

ዝናቡ ሲያባራ አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ እየተቀባበሉ ተሸከሙት፤ አንድ ጊዜ እንኳ መሬት አላስነኩትም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ትከሻውን ሰጠ። ሕዝቡ ከቅጥሩ ተርፎ መንገዱን ዘጋው። ጉድጓዱ ዳር ትንንሾቹ ተሰልፈው በሦስት ጣት ሰላምታ ሰጡት። በዚህ ከተማ ባለሥልጣን እንኳ እንዲህ ሲሸኝ አላየሁም። የጎደልሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

የሠልስቱ ዕለት አቶ ኃይለሚካኤል ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። «ጉባኤው ተሰብስቦ ስሙን መልሷል፤ ድንኳኑንም ይዘን መጥተናል» አሉ።

«ድንኳን አለኝ፤ እናንተ ግቡ» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ገቡ።

ያን ዕለት በስልክ «ጁባ መጥተሽ አብረሽኝ ኑሪ» ያልሽኝን አስቤበታለሁ። ትናንት ለቡና ለቀማ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ሰው ሆስፒታል ውስጥ አረፈ፤ ዘመድ የለው፣ እድር የለው። ሰው «የማን ነው?» እያለ ሲጠያየቅ ስካውቶቹ ቀርከሃና ሸራ ተሸክመው በደጄ አለፉ። ማንም አልጠራኝም። ነጠላዬን አደግድጌ ተከተልኳቸው። ስለዚህ አሁን አልመጣም፣ ልጄ፤ ሥራ ይዣለሁ።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ፣ እጅሽ የነካውን ያብዛልሽ። መንገዱ ሲከፈት ግን ነይ፤ ስምሽን እየጠሩ የሚጠይቁኝ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉሽ።

እናትሽ ጽጌሬዳ