ካበርኔ እስከ ጥምቀት

ይድረስ ለወንድሜ ለአለልኝ፣

የፈረንሳይ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን። በረዶው ግን አስመርሮናል፤ መኪናዬን ቆፍሬ ሳላወጣ ዉድበሪ፣ ሥራ ቦታዬ አልደርስም።

በጥምቀት ዕለት በቪዲዮ ደውለህ «ካበርኔ ወይን እየለቀምን ነው፣ ፋታ የለኝም» አልከኝ። ሜርሎ የሚባለው ወይን ቀድሞ እንደሚደርስ፣ ካበርኔ እንደሚዘገይ ያስተማርከኝ ራስህ ነህ። ግን እስከ ጥምቀት ይዘገያል? ወሩ ተምታቶብህ ነው እንዳልል፣ እንኳን አደረሰሽ ብለኸኛል። ልጄ ሶሊያና ጉግል አድርጋ «ማሚ፣ ወይኑ እኮ አሁን ቅጠል እንኳ የለውም» አለችኝ። የአጎትሽ እርሻ የተለየ ይሆናል አልኳት። እማዬም ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ይሄ ለቀማ አያልቅም እንዴ?» ትለኛለች።

ደግሞ እጅጌህን ቶሎ ሳብ አደረግከው እንጂ፣ የእጅህ አንጓ ላይ ስም የተጻፈበት ነጭ ፕላስቲክ አይቻለሁ። እኔ የምሠራበት ሆስፒታል እንደዚያ ያለውን ለሚተኙ ሰዎች እናስራለን። እናንተ ጋ ለወይን ለቃሚም ያስራሉ?

ሶሊያና ትስምሃለች። በል ደህና ሁንልኝ፤ ስትደውል ግን እጅጌህን ሰብስበህ ደውል።

እህትህ ኢየሩሳሌም