የሚዶው ጥርስ ወዴት ነው?

ጥቅምት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ዛሬም እንደ ወትሮው። ደወል መታሁ፣ በር ከፈትኩ፣ ያረፈዱትን ገሠጽኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ዘበኛ።

ልጄ ረዲያ ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ። ቃል እንዳትለውጪ ብያታለሁ። ስድቡንም ጻፊ። ለራሴ ነው።

የዓይን ሐኪም መጣች። ዶክተር ሳህሊቱ። ከሂርና ነው የመጣችው፣ ከዚያ በፊት ሚኤሶ ነበረች። አምስት ዓመት እንዲህ ስትዞር ኖራለች አሉ፣ የልጆች ዓይን እያየች፣ ያየችውን በደብተር እየጻፈች። ካርቶን ሰቀለች። ሚዶ የመሰለ ነገር ተሥሎበታል፣ ባለ ሦስት ጥርስ። ከላይ ትልቅ ነው፣ ወደ ታች ያንሳል። ልጁ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ጥርሱ ወዴት እንደዞረ ይናገራል። ፊደል አያስፈልግም። በዱላ የምጠቁመው እኔ ሆንኩ።

ጥቅምት 11

ስም ትጽፋለች! ጥርሱ ያልታየውን ልጅ ስም ለብቻ ትጽፋለች። ለምን?

ስም ሲጻፍ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። አምና የመሠረተ ትምህርት ፈተና የወደቁትን የቀበሌው ሊቀ መንበር ታጁዲን በድምፅ ማጉያ ጠራ። ገበያ መሃል፣ የእኔን ስም! «ሙሜ አብዱልቃዲር... ወድቋል!» በልጅነቱ ንፍጡን የጠረግሁለት ታጁዲን! ጫት ሻጮቹ ሳቁ። እስከ ዛሬ ይስቃሉ።

ጥቅምት 12

ነገ የሞሚና ክፍል ተራ ነው። የረዲያ ልጅ፣ የልጅ ልጄ። ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። መምህሯ ቡሽራ የኋላ ወንበር ላይ ጥሏታል። «ከሰሌዳ መገልበጥ አትችልም፣ ደደብ ናት» ይላል። ደደብስ አንተ!

ከዚህ ቤት ሁለተኛ ስም ገበያ ላይ አይጠራም። ወላሂ አይጠራም። ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች በቃሌ ይዤዋለሁ። ፊደል ባይኖረኝ ጭንቅላት አላጣሁም። ከትምህርት ስትመለስ ደጅ አስቀምጬ አስጠናኋት። ላይ። ቀኝ። ታች። ታች። ግራ... ቁርአን ቤት ስትቀራ እንደለመደችው ሳትሳሳት ደገመችው።

ጥቅምት 13

አለፈች። ሁሉንም! እስኪ አሁን ይጥሩን።

ጥቅምት 20

ሐኪሟ ጠራችኝ።

«አባቴ፣ የመጨረሻውን መስመር በዚህ ክፍል ብርሃን አንድም ልጅ አላነበበውም። እኔም አላነበብኩትም። ሞሚና እንዴት አነበበችው?»

«ዓይኗ የጭልፊት ነው።»

 ልጅቷን አስጠራች። ካርቶኑን ገለበጠችው፣ ላይ የነበረው ታች ሆነ። ቀኝ ዓይኗን ሸፈነችላት። ትልቁን ሚዶ ጠቆምኩ። ሞሚና «ላይ» አለች። ታች ነበር። ከዚያ ዱላዬን ሳትጠብቅ፣ ባዶውን ግድግዳ እያየች፣ «ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ...» እኔን ልታስደስት።

ጮህኩ። «ስሟን ለታጁዲን ልትሰጪ ነው!»

ሐኪሟም ጮኸች። በዚህ ሽበቴ ላይ! «ይሄ ፈተና አይደለም! የሚወድቅ የለም! ስም የምጽፈው ተመልሼ ላክማቸው ነው! አዲስ አበባ ተቀመጪ፣ ሀብታም አክሚ ይሉኛል። ለምን የምዞር ይመስልዎታል? አንድ ዓይኑ የሰነፈ ልጅ አያመውም፣ አያለቅስም። በሌላው ያያል። ማንም አያውቅለትም። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ካልተደረሰለት ያ ዓይን ቀረ ማለት ነው። እርስዎ ደግሞ ደበቁብኝ!»

የሞሚና የሰነፈው ግራ ዓይኗ ነው። ቀኙም ሩቅ አያይም፣ መነጽር ይፈልጋል አለች። ለካ ሰሌዳው አይታያትም ነበር... አጠገቤ ነው ያደገችው። እንዴት አላወቅሁም?

ጥቅምት 21

መድኃኒቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ደህናውን ዓይን በፕላስተር መዝጋት! የሚያየውን ዘግቶ የማያየውን ማሠራት! እብደት ነው አልኩ።

ረዲያ መጻፉን አቆመች። «ስታስጠኗት በእጄ ጽፌው ዝም አልኩ፣ አባ። እናቷ ነኝ» አለች። እንባዋ ወረቀቱን አበላሸው። ጻፊ አልኳት። ይሄንንም ጻፊ።

በማን ልናደድ? በታጁዲን? በቡሽራ? ካርቶኑን በቃሉ የያዘው ማነው?

ኅዳር 2

መነጽር መጣ። ፕላስተሩ ተለጠፈ። ሞሚና ደጁ ላይ ድንጋይ አደናቅፏት ወደቀች። ፕላስተሩን ልገነጥለው ስል እጄን ያዘችኝ። «ተወው አባባ፣ ትንሽ ትንሽ ይታየኛል።»

ጫት ሻጯ ፋጤ ከማዶ፦ «አቦ ሙሜ! ደህናውን ዓይን አሰራችሁ አሉ። ነገ ደግሞ ደህናውን እግር?»

«ነገ ያንቺን አፍ!» አልኳት።

ኅዳር 3

ቡሽራን ያዝኩት። የፊት ወንበር ስጣት አልኩ።

«አቶ ሙሜ፣ ወንበር የሚመድበው ዘበኛ ነው እንዴ?»

«ዘበኛ ደወል ይመታል። ካልሰጠሃት ከነገ ጀምሮ ክፍልህ መውጫውን አይሰማም።»

ሰጣት።

ጥር 6

ፕላስተሩ ዛሬም አሳከካት፣ ዛሬም ተገነጠለ፣ ዛሬም ለጠፍነው።

ግንቦት 17

ሐኪሟ ከመቻራ ተመለሰች። ከጫማ እስከ ጠጉር አቧራ። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ ሞሚናን መጨረሻ ላይ ጠራች። ካርቶኑን ገልብጣ ሰቀለችው። በዱላዬ ጠቆምኩ። ሞሚና በግራ ዓይኗ ብቻ አራተኛው መስመር ደረሰች። ግድግዳውን አላየችም። ዱላዬን ጠብቃ።

«ገና ይቀረዋል» አለች ሐኪሟ። «ግን ነቅቷል።» አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የእርስዎንስ አንየው?»

«እንዲህ ተሰቅሎ አይሆንም» አልኩ። «የተገለበጠውንም በቃሌ ይዤዋለሁ። በጎን ስቀይው።»

ሳቀች፣ በጎን ሰቀለችው። ሞሚና ዱላዬን ቀማችኝ። «አባባ፣ የሚዶው ጥርስ ወዴት ነው?»

የመጀመሪያው ታየኝ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው... ጭጋግ። ልገምት? ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«አይታየኝም።»

ሐኪሟ ደብተሯን ገለጠች። እስክሪብቶዋን አንሥታ ፊቴን አየች። አልጻፈችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኩ። «ሙሜ አብዱልቃዲር። ጻፊ!»