አሸዋው ከክፍሉ አይወጣም

«አሸዋ፣ ሊጥና የመሳሰሉት መጫወቻዎች ከመማሪያ ክፍሉ በአስቸኳይ ይውጡ። የወይዘሮ ትርሲት ክፍል እስከ ዛሬ የልጆች ማቆያ እንጂ ትምህርት ቤት አልነበረም። የቁምሳጥኑ ቁልፍ ለኮሚቴው ይመለስ።»

ትርሲትዬ፣

ይህን የጻፉት ስለ አንቺ ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ማኅተም አድርገውበት፣ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ልጆቹ ጫማቸውን እያጠለቁ ሳለ በሩ ላይ ሰጡኝ። የሰጠኝ እዚህ ዐረብ አገር ያለው የዓርብ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ተስፋዬ ነው፤ ያው የእኛው ተስፋዬ፣ ስንት ፋሲካ ቤታችን የፈሰከው። ፊቴን አላየኝም። «የኮሚቴ ውሳኔ ነው ወንድሜ፣ የግሌ አይደለም» አለኝና ወደ መኪናው ሄደ።

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል። እስከ ዛሬ ልጽፍልሽ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ። ሰላምታውን እጽፍና «እኔ ደህና ነኝ» የሚለው ላይ ስደርስ እስክርቢቶውን አስቀምጣለሁ፤ ውሸት መጻፍ ስለማልችል። ዛሬ ያስቀመጠኝ ንዴት ነው። መቀመጤም ለስሙ ነው። ሁለት መስመር ጽፌ እስከ በረንዳው እሄዳለሁ፣ ባሕሩን አያለሁ፣ ተመልሼ የጻፍኩትን አነባለሁ፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካክላለሁ፣ እንደገና እነሣለሁ። ብታዪኝ ኖሮ «ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ» ትዪኝ ነበር።

የሳልሚያው ቤታችን እንደነበረ ነው፤ ድምፁ ብቻ ነው የተለወጠው። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከወጥ ቤት የሚመጣው ሊጥ የማሸት ድምፅ የለም። ከሕንፃው ሥር ያለው ትንሽ ሱቅ፣ ባቃላው ውስጥ ስገባ ሰውዬው ዛሬም ሳልጠይቀው ዱቄቱን አንሥቶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥልኛል። ፍሪጁ በር ላይ ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጠሽ የለጠፍሻት «መ» አለች። ውኃ ልጠጣ ስሄድ ጣቴ ራሱ ይሄድና ይዳስሳታል። ያንን ብርጭቆ ወረቀት እኔ ነኝ ከአሕመዲ፣ ከወርክሾፑ ትራፊ እየለቀምኩ ያመጣሁልሽ። ሠራተኞቹ፣ ይህ ኢንጂነር ቤቱ ምን ይሞርዳል፣ ይሉኝ ነበር። ሚስቴ ፊደል ትቆርጥበታለች ብዬ ለማስረዳት ሞክሬ ትቼዋለሁ። የእኔም ሥራ ያው ነው። ሌላው የበየደውን እያየሁ ይህ ያልፋል፣ ይህ አያልፍም እላለሁ።

ክፍልሽን ዓርብ ዓርብ ይዤዋለሁ። ለሌላ ሰው ለመስጠት አስቤ ነበር፤ ግን የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሰሌዳው የት ይሰቀል ብሎ ነው። ሊጡን የምታቦካልኝ ብርቱካን ናት። ጃብሪያ ያለችው ማዳሟ ዓርብን ስለፈቀደችላት ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ትመጣለች። በመጀመሪያው ሰሞን ሊጡ እጄ ላይ እየተጣበቀ ሲያናድደኝ አይታ «ጋሼ፣ ብረት እኮ አይደለም፣ አይቆጡት» አለችኝ። ልጆቹ እስከ ዛሬ ይህን እየደገሙ ይስቁብኛል።

አሸዋውም አሳፍሮኛል። የአንቺ አሸዋ ሲያልቅ ከባሕር ዳር መዛቅ ለእኔ አልበቃኝም፤ ጥራት ያለው ይሁን ብዬ ከሥራ ቦታ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ ይዤ መጣሁ። ልጆቹ በጣታቸው ሲጽፉ መስመሩ ተመልሶ ይደፈናል። አዘነበልኩት፣ ደለደልኩት፣ ሣህኑን ነቀነቅሁት፤ ምንም። በመጨረሻ ሶስና ቀሚስሽን ትጎትት እንደነበረው እጅጌዬን ጎትታ «ቲቸር ትርሲት ውኃ ታጠጣው ነበር» አለችኝ። ያ የአበባ መርጫ ጠርሙስሽ ቁምሳጥኑ ውስጥ ለምን እንደተቀመጠ ያን ቀን ገባኝ።

ሶስናን ታስታውሻታለሽ፤ እዚሁ ሳልሚያ የሴቶች ፀጉር ቤት የምትሠራው የሮማን ልጅ። አንቺ ስትታመሚ እርሳስ እንደ ማንኪያ ነበር የምትይዘው። ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ዛሬም አይገባትም፤ በጣቷ የነካችውን ግን አትረሳም። በሊጥ «በ»ን ሠርታ ወገቡ ላይ ቅንጣት ስትለጥፍበት «ቡ»፣ ቅንጣቷን እግሩ ላይ ስታወርዳት «ቢ»፣ ጠቅልላ ቀለበት ስታደርጋት «ቤ» እንደሚሆን ያሳየሻት አንቺ ነሽ። እኔ በዩኒቨርሲቲ ያን ያህል ዓመት ተቀምጬ፣ አንድ አካል ላይ ትንሽ ነገር በመጨመር ድምፅ እንደሚለወጥ አስቤው አላውቅም ነበር። በሊጥ ያየሁት ካንቺ ነው።

ባለፈው ወር ኮሚቴው ክፍሉን ሊጎበኝ መጣ። ተስፋዬ ሶስናን አስነሣት። የፊደል ገበታውን በእስክርቢቶው መታ መታ አደረገና ከሀ ጀምራ እንድትል ጠየቃት። ሀ ሁ ሂ ብላ ጀመረች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። መቆሟ አይገርምም፤ በዜማ አላስተማርሻትም። ያስተማርሻት ከስሟ፣ ከሶ ተነሥተሽ ነው። ተስፋዬ ወደ ሌሎቹ ዞሮ ቅንድቡን አነሣ።

ያን ጊዜ ዝም ማለት አቃተኝ። ከብርጭቆ ወረቀት ፊደሎችሽ አንዱን ሳላሳያት አወጣሁና ፎጣ ሥር አድርጌ እጇን እንድትሰድ ነገርኳት። ጣቷ ከላይ ጀመረ፣ በቀኝ እግሩ ወረደ፣ ታች ያለችውን ቀለበት ዞረ። «ቤ» አለች። ማንም ሳይጠይቃት ደግሞ «የቤት ቤ» አለች። ፎጣውን ገለጥኩት፤ ቤ ነው። ትርሲትዬ፣ ደረቴ ተነፋ። ለመናገር አፌን ስከፍት ተስፋዬ ቀደመኝ።

«ነገ ደግሞ በአፍንጫዋ ታነብልናለች።»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ትልልቅ ሰዎች ልጅ ሲያዩ የሚስቁት ዓይነት ነው። ልጅ ግን ይህን ከዚያ አትለይም። ሶስና ሁለቱንም እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ስትመጣ እጆቿ ላይ ትቀመጣለች። ሊጥ ስንሰጣት አትነካም። የአሸዋውን ሣህን ፊቷ ሳስቀምጥ ወደ ጎረቤቷ ትገፋዋለች። ሌሎቹ ሲጽፉ በዓይኗ ትከተላለች፤ እጇ ግን ከሥሯ አይወጣም።

እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው፤ ደብዳቤው ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የልጅቷን እጅ አሰሩ፤ ቀጥለው አሸዋው ይውጣ አሉ።

ምክንያታቸውንም አጣርቻለሁ፤ እንደምታውቂኝ ሳላጣራ አልናገርም። የሕንፃው ጥበቃ፣ ሐሪሱ፣ የመታጠቢያው ቱቦ በአሸዋ ተዘግቷል ብሎ ከስሷል። ቱቦውን እጅጌዬን ሰብስቤ በራሴ እጅ ፈታሁት። የወጣው ፀጉርና የሻይ ቅጠል ነው። ሐሪሱን ጠርቼ አሳየሁት፤ እሱም አይቶ «ኻላስ፣ ኻላስ»፣ በቃ በቃ ብሎኝ ሄደ። ለተስፋዬ ፎቶውን ላክሁለት፤ አየው፣ አልመለሰልኝም።

ሁለተኛው ምክንያታቸው አባቶቻችን በአሸዋና በሊጥ አልተማሩም የሚል ነው። አባቶቻችን ሀሁን በዜማ አስተምረው ሲጨርሱ ለምን አቡጊዳን እንደገና ያስቆጥሩ ነበር? አ ቡ ጊ ዳ ብለው ፊደሉን በሰያፍ የሚያስኬዱት ልጁ በዜማው እየተመራ በአፉ ብቻ እንዳያልፍ፣ ዓይኑ እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ እንዲይዝ ነው። የድሮዎቹ መምህራን ችግሩን ያውቁት ነበር። አንቺም ያደረግሽው ይህንኑ ነው፤ መንገዱን ብቻ በጣት አደረግሽው። ይህን ለኮሚቴው ብነግራቸው ዲግሪውን ሊያሳየን ነው ይሉኛል። ይበሉ።

ተስፋዬን ግን ምን ልበለው? ማርታ ልጁ ናት። ስሟን መጀመሪያ የጻፈችው በአንቺ አሸዋ ላይ ነው። ያን ዕለት ሣህኑን እንዳለ ካልወሰድሁ ብላ አልቅሳ፣ አባቷ አሸዋው እንዳይናድ ሣህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ነድቼ አሕመዲ ድረስ አድርሻቸዋለሁ። አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ «ቀስ በል፣ ራብዑ ይሰበራል» እያልሽ። ተስፋዬ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ያ ሰው ነው ዛሬ «ማቆያ» ብሎ የፈረመው።

ይህን ሳስታውስ ያ የመጀመሪያው ቀን ይመጣብኛል፤ ባሕር ዳር ባልዲ ይዘን የወረድንበት። ጦዝ የሚሉት የአቧራ ነፋስ ተነሥቶ ሰማዩ ቡናማ ሆኖ ነበር። እኔ እንመለስ እላለሁ፣ አንቺ ሻሽሽን አፍሽ ላይ አስረሽ አሸዋውን እያፈስሽ በጣትሽ ትሞክሪዋለሽ፤ ይህ ሻካራ ነው፣ ይህ ዛጎል አለበት። አሥር ቦታ ያስቆምሽኝ መስሎኛል። አሸዋ አሸዋ ነው ስልሽ ዞረሽ አየሽኝ። «አንተ ብረት ብረት ነው ስትል ሰምቼ አላውቅም» አልሽኝ። ባልዲውን አንሥቼ ተከተልኩሽ።

ትናንት ሮማን ደወለችልኝ። ልጅሽን ምን እንደሆነች ጠይቂልኝ ብያት ስለነበር ስለ ሶስና መስሎኝ ደነገጥኩ። «ጋሼ፣ ልጅዎ መስታወቴን አበላሸችብኝ፣ መጥተው ይጥረጉልኝ» አለችኝ እየሳቀች። ሄድኩ። እርጥበቱ እንዴት እንደከበደ ታውቂዋለሽ፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ኤሲው ስለሚቀዘቅዝ የበሩ መስታወት በውጭ በኩል ላብ ለብሶ ነበር። እዚያ ጉም ላይ፣ በአንድ ሕፃን ቁመት ልክ፣ ቤ ተጽፏል። ከጎኑ ሌላ ቤ፣ ከሥሩ ሌላ። አንዳንዱ እየፈሰሰ እግሩ ረዝሟል፤ ቀለበቶቹ ግን ሁሉም በቦታቸው ናቸው። የሳቁባትን ፊደል ነው የጻፈችው። ሶስና ከውስጥ ሆና አየችኝና እጇን ወዲያው ወደ ጀርባዋ ወሰደች። ጣቴን አንሥቼ በእሷ ቤ አጠገብ «ት» ጨመርኩ። አየችው። አልወጣችም፤ ግን አንድ እጇን ከጀርባዋ አወጣችና ከውስጥ በኩል በመስታወቱ ላይ ተከተለችው።

አንድ እጅ ብቻ ነው ትርሲትዬ። ሌላው ገና ነው። ሌላውን የሚያወጣው የእኔ ቁጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የምትዳስሰው ነገር ክፍሉ ውስጥ ካልጠበቃት ግን ያ የወጣው እጅም ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ቁልፉን አልመለስኩም፤ አልመልስምም።

ይህን ደብዳቤ ላንቺ ጽፌ ለብቻዬ አላስቀምጠውም። አንዱን ቅጂ ክፍሉ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፣ አንዱን ለተስፋዬ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ የወላጆቹም ግሩፕ ላይ ይወጣል። ኮሚቴው እንዲመልስልኝ የምፈልገው ብዙ አይደለም። «ማቆያ» የሚለውን ቃል ያንሣ። አሸዋው፣ ሊጡና የብርጭቆ ወረቀት ፊደሎቹ በቦታቸው እንደሚቆዩ ይጻፍ። ተስፋዬ ደግሞ አንድ ዓርብ ይምጣና ሶስና አጠገብ ባለችው ትንሽ ወንበር ተቀምጦ የማርታን ስም በአሸዋ ላይ በጣቱ ይጻፍ፤ ሶስና ትየው። ይቅርታውን በንግግር አልፈልገውም፤ ንግግሩን ሰምተነዋል።

አንቺን መርሳት አልችልበትም፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ዱቄት እገዛለሁ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር አሸዋውን ውኃ አጠጣለሁ። የአበባ መርጫው እጀታ ተሰንጥቆ ነበር፤ አስሬዋለሁ። ጉልበቴ እስካለ ድረስ እንዲህ አስታውስሻለሁ።

ኅዳር አሥራ አንድ የሙት ዓመትሽ ነው። ኮሚቴው እንደ ወጉ ቤታችን ይመጣል፤ በሩም ክፍት ነው። መልሳቸውን ግን ከዚያ ቀን በፊት፣ እስከ ኅዳር አሥር፣ በጽሑፍና እንደዚያኛው ማኅተም ተደርጎበት በእጄ እፈልጋለሁ።