ሳልለው የተሰማው አዎ

ውድ ጋሼ ኢተፋ፣

ስልክ ያልደወልኩት ድምፅዎን ስሰማ ወኔዬ ስለሚከዳኝ ነው። እዚህ ኦስሎ፣ ሄልስፊር ካለው ቢሮዬ ወጥቼ ፉሩሴት ካለው ቤቴ እንደገባሁ፣ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ይህን በኢሜይል እጽፍልዎታለሁ። እባክዎ ተናደው መሐል ላይ አይተዉት።

ባለፈው ወር በስልክ ስለሚኖሩባት ደሴት ሲነግሩኝ የነበረዎትን ደስታ አልረሳሁትም። ዩኒቨርሲቲው እዚያ ያለውን ትንሽ ቅርንጫፉን ሊያሰፋ፣ ነርሲንግ ብቻ ይሰጥበት የነበረው ግቢ ኤሌክትሮኒክስና የባሕር ቴክኖሎጂ ሊጨመርበት፣ አሮጌው የዓሣ ማከማቻ ቤተ ሙከራ ሊሆን! «ከእኔ ሌላ ሁለተኛ መምህር ካልተገኘ ግን ኤሌክትሮኒክሱ ዘንድሮ አይከፈትም» አሉኝ። ቀጥለው «ማዕዶት፣ አንቺም የተማርሽው ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ትመጪልኛለሽ አይደል?» ሲሉኝ ደነገጥኩና ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

እኛ ዘንድ ደግሞ እሱ አዎ ነው። የደሴቷ ሰዎችም በኖርዌይኛ «ያ»፣ ማለትም አዎ፣ ሲሉ እንደኛው ትንፋሻቸውን ስበው ነው፣ እርስዎም «ዘመዶቻችን ሳይሆኑ አይቀሩም» እያሉ ይስቁ ነበር። እናም «ጌታ ይባርክሽ ልጄ! አውቄው ነበር» ብለው ስልኩን ዘጉት።

አዎ አላልኩም፣ ጋሼ። ደንግጬ ነው። ወዲያው መልሼ ደውዬ ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነበረብኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። በማግስቱ ለኮሙኑ፣ ለደሴቷ ማዘጋጃ ቤት ሰዎች፣ እንደነገሯቸው ጻፉልኝ። ከዚያ ከወደቡ በላይ ቤት እንደተገኘልኝ፣ ከዚያ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው መስኮቱን እንደቀቡልኝ። እኔም በየመልእክትዎ ሥር ልብ እየለጠፍኩ ዝም አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ይህንን ያደረግሁት በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ሒሳብ ባስጠናኝ ሰው ላይ ነው። ኦስሎ ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን አውቶቡስ ሲነዱ ምን ተምረዋል ብሎ የጠየቀዎ አልነበረም። መምህር ብላ የተቀበለችዎ ያቺ ደሴት ናት፤ ይህንን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ሰበብ ፈለግሁ። ትናንት እናቴን «እማዬ፣ አንቺን ጥዬ መሄድ አልችልም ልበላቸው?» ብላት በኖርዌይኛ ጀምራ ተቆጣች።

«ናይ! በጭራሽ! እኔን ሰበብ አታድርጊኝ። ጉልበቴን ሲያመኝ የሚያየኝ ሐኪሙ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

«አልፈልግም።»

«ታዲያ እሱኑ በያቸዋ!»

እውነቱ ይኸው ነው። እናቴ ደህና ናት። ባሕሩንም አልፈራም። ሥራዬን፣ ጓደኞቼን፣ የከተማውን ግርግር እወዳለሁ፤ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ደሴት መኖር አልፈልግም። ምክንያቴ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ ነው ያሳፈረኝ።

ዛሬ ጠዋት ስለ ሲግሪድ ባይጽፉልኝ ኖሮ ዝምታዬን እቀጥልበት ነበር። ያቺ የዓሣ አጥማጁ ልጅ ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት ሳለ፣ «ኤሌክትሮኒክሱ እዚሁ ከተከፈተማ ከቤቴ ምን አስወጣኝ» ብላ ቦታዋን ልትተወው ነው አሉኝ። መልስ የምትሰጥበት የመጨረሻ ቀን ነገ ነው። እርስዎ ደስ ብሎዎት ነው የጻፉት፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ መሥራት አቃተኝ።

አልመጣም፣ ጋሼ ኢተፋ። ለኮሙኑም ለዩኒቨርሲቲውም እኔው ራሴ እጽፋለሁ፤ ለሚጠይቅዎ ሁሉ ጥፋቱ የእሷ ነው ይበሉ። ሲግሪድን ግን ይህን እንዳነበቡ ቤቷ ድረስ ሄደው ያግኟት። ቦታዋን እንዳትለቅ፣ ሻንጣዋን እንድታዘጋጅ ይንገሯት። ልጆቿ ጥለዋት እንዳይሄዱ ብለው ከለፉላት ደሴት፣ አንዷን ልጅ በገዛ እጅዎ ይሸኙ የምልዎ እኔ ሆንኩ፤ ደሴቷን በዓይኔ እንኳ ሳላያት።

ይቅር ባይሉኝም አክባሪዎ፣
ማዕዶት